ተከሳሽ ማን ልበል?

ጀማው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራው ስለ ፍቅርም ስለ ጦርነትም አይደለም፤ ስለ ክስ ነው። ወሎ ላይ ክስ ያለ ጨዋታ አያልቅም፣ ጨዋታም ያለ ክስ አይደምቅም፤ ስለዚህ አትሰለቹም።

ሃይቅን ታውቃላችሁ፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሂዶ የምትገኝ የተሁለደሬ ከተማ ናት። መንገዱን ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ አምባሰል ይመጣል፤ የወረዳው ከተማ ውጫሌ ነው። ስለ ውጫሌ ውልና ስለ አንቀጽ 17 የምትጠብቁ ካላችሁ ዛሬ አይደለም፤ እሷን የተረከ ሰው ሞልቷል። የኔ ክስ የጤፍ ክስ ነው።

አንዲት ነጋዴ ነበረች እንበል። እሷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ችግሯን ግን አልፈጠርኩትም። 40 ኩንታል ጤፍ አላት። መኪናው የሚነሣው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ዋጋ ተነጋገረች፤ ሰብሳቢያቸው ገንዘቡን ተቀበለ፣ ቆጠረ፣ የጋራ ሳጥናቸው ውስጥ ከተተ። 36 ናቸው። ጎበዞቹ ሲመሽ ጫኑላት። ሸራውን ለማሰር ሲሉ ግን «ተራው የማን ነበር፣ ድርሻው እንዴት ነው» በሚል እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ገመዱ መሬት ላይ፣ ሸራው ከጋቢናው በላይ እንደተጠቀለለ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ወሩ ነሐሴ ነው። የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ጤፍ ሲረጥብ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ስንዴ ቢረጥብ ተሰጥቶ ይደርቃል። ጤፍ ግን ደቃቅ ስለሆነ ውሃው አንዴ ጆንያውን ካለፈ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ እጅ ሲገባበት ይሞቃል፤ ካደረ ይሻግታል። ሲነጋ የላይኛው ድርብ ገሚሱ ሊጥ ገሚሱ ጓል ሆኖ አገኘችው። ሹፌሩ «እኔ መኪና እነዳለሁ እንጂ ሸራ አላስርም» አለ። አልተሳሳተም።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ላስቲክ ዘርግቶ ወደሚሠራው ራፖር ጸሐፊ ሄደች። ሽማግሌው መነጽሩን አስተካከለና፦

«ተከሳሽ ማን ልበል፣ እትዬ?» አላት።

«ጫኝና አውራጆቹን በልልኝ፣ ጋሼ።»

«ወረቀት አላቸው?»

«የምን ወረቀት? ሰደርያ አላቸው። ሳጥን አላቸው። ሰብሳቢ አላቸው። ሌላ ሰው ኩንታል ሊነካ ቢል አባረው ነው የሚመልሱት። ይኼ ማኅበር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«የተመዘገቡ ናቸው ወይ ማለቴ ነው።»

«ገንዘቤን ሲቀበሉኝ ተመዝግበናል አልተመዘገብንም አላሉኝም።»

«አድራሻ?»

«መናኸሪያው በር።»

«መናኸሪያው በር ላይ መጥሪያ የሚፈርምልኝ ማን ነው?»

እዚህ ላይ ሴትዮዋ ዝም አለች። ጀማው፣ እናንተም ዝም አትበሉ፤ አስቡበት። በዓለም ላይ ስንት ትልልቅ ዳኛ ጥቁር ካባውን ለብሶ የተጨነቀበት ጥያቄ ይኼው የራፖር ጸሐፊው ጥያቄ ነው፦ ብዙ ሰው አንድ ሆኖ ሲሠራ፣ ሲያዋጣ፣ ሲያዝና ሲከለክል፣ ወረቀት ግን ሳይኖረው፣ ሲያጠፋ የሚቆመው ማን ነው?

ሽማግሌው የሚያውቀው ሕግ ይኼ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበርን ይተረጉማል፤ ትርፍ ለማግኘት ወይም ትርፍ ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚያቆሙት ስብስብ ነው ይላል። የኛዎቹ ገና ከበሩ ላይ ወደቁ፤ የሚሠሩት ለገንዘብ ነው፣ ማታ የሚካፈሉትም ገንዘብ ነው። «እሺ፣ የሠራተኛ ማኅበር ናቸው» እንበል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢያንስ 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። ቀላል ነው፤ እነሱ 36 ናቸው። ግን የማን ሠራተኞች? ዛሬ የጤፍ ነጋዴ፣ ነገ የሲሚንቶ ነጋዴ፣ ከነገ ወዲያ ፍሪጅና አልጋ ጭኖ የመጣ ሙሽራ ነው የሚያሠራቸው። አሠሪ የሌለው ሠራተኛ ለዚያ አዋጅ እንግዳ ነው።

አዋጁ ለተመዘገበ ማኅበር የሚሰጠውን ስሙ፤ የሴትዮዋ መልስ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የተመዘገበ የሠራተኛ ማኅበር የሕግ ሰውነት አለው፤ ውል ይዋዋላል፣ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ማመልከቻው ከገባ በ15 ቀን ውስጥ መዝጋቢው መልስ ካልሰጠ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል፤ ቢሮ ዝም ሲል ባለጉዳይ የሚጠቀምበት ሕግ ስለማይበዛ ይቺን አስምሩባት። ያልተመዘገበ ግን በአዋጁ መሠረት መንቀሳቀስ አይችልም። መክሰስም መከሰስም ከአንድ ወረቀት ነው የሚወጡት።

«እንግዲያው 36ቱንም በስም ጻፍልኝ» አለች ሴትዮዋ። ሽማግሌው ሣቀ። 36 ስም ከነአባት፣ 36 መጥሪያ፣ 36 መልስ። ግማሹ «በዚያ ቀን ታምሜ ነበር»፣ ግማሹ «ሐዘን ላይ ነበርኩ» ይላል፤ እውነትም ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ ጉዳያቸው አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች ካሉ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ጥቂቱ ስለ ሁሉም ሊከስ ወይም ሊከሰስ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ግን ሁሉም በዚያ ሰው መወከላቸውን እንደተስማሙ ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ነው። ለመክሰስ ሲሆን ማን እምቢ ይላል? ለመከሰስ ሲሆን ግን «አዎ፣ እሱ ስለኔ ይከሰስልኝ፣ ካሳውንም አብረን እንከፍላለን» ብሎ የሚፈርም ጫኝ የት ይገኛል?

አንድ ሌላ አንቀጽም አለ፣ 2142። ብዙ ሰዎች ባሉበት ከመካከላቸው አንዱ ጉዳት አድርሶ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ፣ ርትዕ ካስገደደ ዳኛው አጥፊው በእርግጥ የሚገኝበትን ስብስብ በሙሉ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ይኼ ሕግ ሲረቅ የፈረንሣዩ ሬኔ ዳቪድ አውጫጭኝን ያስብ ነበር ባልልም፣ የኛ አገር ዳኛ ሲያነበው አውጫጭኝ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ድሮ ሌባ ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ውሎ ያድር ነበር፤ ሰውየው ካልተገኘ ዕዳው የአገሩ ነው። በአውጫጭኝ ዘመን አገር ያለ ወረቀት ይከሰስ ነበር። የነጋዴዋ ጉዳይ ግን በውል ነው። ከጎበዞቹ አንዱ ኩንታል እግሯ ላይ ጥሎባት ማን እንደጣለው ባይታወቅ ኖሮ አንቀጽ 2142 ይደርስላት ነበር። እግሯ ደህና ነው፤ የተበላሸው ጤፉ ነው።

አሁን ባሕር እንሻገር። የፈረንጁ ሠራተኛም በዚህች ጥያቄ ተቃጥሏል፤ ያውም ቤቱን ጭምር።

አሜሪካ ውስጥ ዳንበሪ የምትባል የባርኔጣ ሠሪዎች ከተማ ነበረች። በፈረንጅ 1902 የዲትሪክ ሎዊ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ማኅበሩም በየከተማው «የሎዊን ባርኔጣ አትግዙ» አለ። ሎዊ ማኅበሩን መክሰስ ትቶ አባላቱን ከሰሰ። ከ200 በላይ ባርኔጣ ሠሪ በየስሙ መጥሪያ ደረሰው፣ ቤቱና የባንክ ቁጠባው ታገደ። አስቡት፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ነው፣ ለማኅበሩ ወር ጠብቆ ከማዋጣት በቀር ስብሰባም አይሄድ ይሆናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ክሱ ያስኬዳል አለ፤ በ1915 ደግሞ ከ252 ሺህ ዶላር በላይ የሆነውን ፍርድ አጸና። ለእነዚያ ሰዎች ቤት የተዋጣው ገንዘብ ከመላው አገር ሠራተኛ ኪስ የወጣ ነው። ማኅበሩ የማይከሰስ ሲሆን አባሉ የሚድን የሚመስለው ካለ ዳንበሪን ይይ።

በዚያው ሰሞን እንግሊዝ አገር ሌላ ክርክር ነበር። ደቡብ ዌልስ ውስጥ ታፍ ቬል የሚባል የባቡር ኩባንያ ነበረ። ሠራተኞቹ በ1900 ነሐሴ ሥራ አቆሙ። ሥራ አስኪያጁ አሞን ቢዝሊ ምንም የማይበገር ሰው ነበር፤ ሌላ ሠራተኛ አስመጣ፣ ማኅበሩንም በራሱ ስም ከሰሰ። የማኅበሩ ጠበቆች የመለሱት መልስ ቀልድ ይመስላል፦ «እኛ ኩባንያ አይደለንም፣ ሰውም አይደለንም፤ ስለዚህ የለንም።» የመጀመሪያው ዳኛ ፋርዌል ይህን አልሰማም አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ የጌቶች ምክር ቤት በሐምሌ 1901 የፋርዌልን ፍርድ መለሰው። ሕጉ ንብረት እንዲኖርህና በወኪል እንድትሠራ ከፈቀደልህ፣ ወኪልህ ሲያጠፋ በንብረትህ እንድትጠየቅ ፈቅዷል ማለት ነው፤ የፍርዱ ሐሳብ በአጭሩ ይኼ ነው። ካሳው 23 ሺህ ፓውንድ ሆነ፤ ወጪው ሲጨመር ማኅበሩ 42 ሺህ ገደማ ከፈለ።

እኔ የፍርዱ ምክንያት ትክክል ይመስለኛል። ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ሰው የሚያዝ፣ «አትሥሩ» ሲል የሚሰማ አካል ሲጠየቅ «የለሁም» ሊል አይገባም። ያልወደድኩት መዘዙን ነው። የሥራ ማቆም መብት ካሳ ሊያስከፍል ከቻለ፣ መብቱ የቀረው ወረቀት ላይ ነው። የእንግሊዝ ሠራተኛም ይኼ ገባው። በ1900 የተቋቋመው፣ በኋላ ሌበር ፓርቲ የተባለው የሠራተኛ ውክልና ኮሚቴ በዚህ ፍርድ ምክንያት አባላቱ ጎረፉለት፤ በ1906 ምርጫ 29 ሰው ፓርላማ አስገባ፤ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ማኅበራት ከእንዲህ ያለ ክስ ተጠበቁ። ቢዝሊ ያሸነፈው ክስ ሌበር ፓርቲን አሳደገለት።

አሜሪካ ደግሞ ወደ ኋላ ቆይታ እዚያው ደረሰች። በ1914 አርካንሳስ ውስጥ ፕሬሪ ክሪክ በሚባል የከሰል ማዕድን ላይ ጠመንጃና እሳት የተቀላቀለበት ጠብ ሆነ። የኩባንያዎቹ ጠበቆች የማዕድን ሠራተኞችን ማኅበር በስሙ ከሰሱ። ማኅበሩ በየትኛውም መዝገብ እንደ ኩባንያ አልተቋቋመም። ዋናው ዳኛ ዊልያም ታፍት፣ ቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበረው ማለት ነው፣ በ1922 ማኅበሩ ይከሰሳል አለ። ይህን ያህል አባል፣ ይህን ያህል ገንዘብ፣ ይህን ያህል ሥርዓት ይዞ መጥሪያ የማይደርሰው ከሆነ የተጎዳው ሰው አቤት የሚልበት የለም ሲል አሰበ። ወዲያው ግን ያንን የከሰል ጠብ ያዘዘው ብሔራዊው ማኅበር ለመሆኑ ማስረጃ የለም ብሎ በሦስት እጥፍ ተባዝቶ 600 ሺህ ዶላር የደረሰውን ፍርድ ሻረ። ትከሰሳለህ፣ ግን አልጠፋህም። እንዲህ ያለ ዳኛ ሽምግልና ብናስቀምጠው አይጎዳም ነበር። በመጨረሻ በ1947 የወጣው የታፍት ሃርትሌይ ሕግ የዳንበሪን ቁስል አሰበ፦ ማኅበሩ እንደ አንድ አካል ይከሰሳል፤ የገንዘብ ፍርዱ ግን የማኅበሩን ንብረት እንጂ የአባሉን ቤት አይነካም።

ይቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት እኔ የምፈልጋት። ኢትዮጵያ ውስጥ የምናወራው ስለ መጀመሪያዋ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኛ ሠራተኛ ማኅበር ታሪኩ ያለ ወረቀት ነው የሚጀምረው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ለሙያ መደራጀትን ቢፈቅድም ለሠራተኛ ማኅበር የሚሆን አዋጅ ገና አልነበረም። ታዲያ ሠራተኛው ምን አደረገ? እድር አቋቋመ። በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው፣ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. የነበረው የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞች በመረዳጃ ስም ነበር የተሰባሰቡት፤ የምድር ባቡር ሠራተኞችም እንደዚሁ በመረዳዳት ጥላ ሥር ተደራጅተዋል። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ላይ ደመወዝ ይወራ ነበር። እድርን ማን ይከለክላል? ሞትን የሚከለክል ካለ። ቀጥሎ በ1954 ድንጋጌ ወጣ፤ በሚያዝያ 1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 ሕጉን አጠናቀቀ። እድሩ ወረቀት አገኘ።

ወረቀት ግን የሚሰጥ ሰው አለው፣ የሚሰጥም ሰው መንሳት ይችላል። በደርግ ዘመን ያ ማኅበር ፈረሰ፤ አዋጅ ቁጥር 64/1968 መጣ፣ መላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር ተተካ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ከመንግሥት ጋር ሲጋጭ የመዘገበው መሥሪያ ቤት ምዝገባውን ሰረዘ፤ ኮንፌዴሬሽኑ በ1989 እንደገና ተቋቋመ። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት አስቡ። ጽሕፈት ቤቱ አለ፣ ሰዎቹ አሉ፣ ችግራቸው አለ። አካሉ የለም።

ከዚህም የሚብስ ግን የመምህራኑ ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ፣ ከ1985 ጀምሮ፣ ሁለት ቡድን «የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር እኔ ነኝ» አለ። አንደኛውን ዶ/ር ታዬ ወልደ ሰማያት ይመሩት ነበር፤ እሳቸው በ1988 ታስረው በ1994 ተፈቱ። የማኅበሩ ሌላው መሪ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የፍርድ ቤቱ ክርክር 15 ዓመት ገደማ ወሰደ። ክርክሩ ስለ ደመወዝ አልነበረም፤ ስለ ስም፣ ስለ ጽሕፈት ቤት፣ ስለ ባንክ ገንዘብ ነበር። በሰኔ 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ስሙንም ንብረቱንም ለሌላኛው ቡድን ያደረገውን ውሳኔ አጸና።

የተሸነፉት ምን አደረጉ? እንደ ሕጉ፣ አዲስ ስም ይዘው ሊመዘገቡ ሄዱ፤ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር አሉት። በታኅሣሥ 2001 ፍትሕ ሚኒስቴር አልመዘግብም አለ። ጉዳዩ ጄኔቭ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ዘንድ በመዝገብ ቁጥር 2516 ሲንከባለል ኖረ፤ የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴው «መዝግቡ» እያለ ደጋግሞ ጻፈ። መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የ15 ቀኗ ሕግ እሱን አታውቀውም።

አያችሁ ጉዳዩን? ፈረንጅ የተጣላው «ይህን ማኅበር መክሰስ ይቻላል?» ብሎ ነው። እኛ ጋ ጥያቄው ተገልብጧል፦ ይህ ማኅበር መክሰስ ይፈቀድለታል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ በሩን የከፈተ ይመስላል፤ የአባላቱን ጥቅም የሚወክል ማኅበር ብቻ ሳይሆን የቡድን አባል የሆነ ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ጭምር ፍርድ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ወረቀት አምጣ አይልም። መዝገብ ቤት ሲደረስ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። በኔ ግምት ማኅበራችንን የጎዳው ይኸው ነው፤ ስትከስ «ማነህ?» ይባላል፣ ስትከሰስ ሰብሳቢህ ብቻውን ይያዛል።

አሁን ሃይቅ ልመልሳችሁ፤ እዚህ አገር ያለ ወረቀት የቆመ ነገር ሞልቷልና።

ሃይቅ እስጢፋኖስን አስቡ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ የማኅበር ኑሮ የሠሩበት ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረዋል፤ አበምኔቱ ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ ቤተ መንግሥት ይቀመጥ ነበር። ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል አለ፤ ባዶ ገጾቹ ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል። ያ ዝርዝር ለኔ የክስ መዝገብ ያህል ነው። መጻሕፍቱ የኢየሱስ ሞአ አይደሉም፣ የቀጣዩ አበምኔትም አይደሉም፤ የገዳሙ ናቸው። አባቶች ይሞታሉ፣ ባለቤቱ አይሞትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በ1952 ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱንና ገዳማቷን ያለ ምዝገባ እንደ ሰው ቆጠረ። ከገዳሙ ማዶ ያለው መስጊድ ግን በዚያ ሕግ ይህን አላገኘም፤ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሰውነቱን በአዋጅ ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1207። 60 ዓመት። አሚን በሉ፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ቅሬስ? አዲስ አበቤ እድር ይለዋል፣ እኛ ቅሬ እንለዋለን። አምባሰል ተራራ ሥር ሰው ሲሞት መርዶ የሚያደርሰው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለሐዘንተኛ እህልና እንጨት የሚያሰባስበው ቅሬ ነው። በብዙ መንደር ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ቅሬ ነው፤ ቆፋሪው የማን መቃብር ነው ብሎ አይጠይቅም። የቅሬ ዳኛ አለው። የቀረ ይቀጣል፤ አልቀጣም ያለ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ እሳት የሚጭርበት ጎረቤት ያጣል። ቀበሌውም መልእክት ሲኖረው በቅሬ ዳኛ በኩል ነው የሚያስተላልፈው። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 እድርና እቁብን አይመለከትም፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም እንደዚሁ ተዋቸው። መንግሥት ያዝዘዋል እንጂ በእነዚህ አዋጆች አይመዘግበውም። ቢሆንም ቅሬ የተበደለ ሰው ቅሬውን አጥቶ አያውቅም፤ ዳኛውን ጠርቶ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ይሟገታል፤ ደም ከገባበትም ዕርቅ የሚያወርደው አበጋር አለ። ቅሬ ሲፈረድበት ይከፍላል፣ ምክንያቱም ያልከፈለ ቅሬ ነገ ለቀብር ሲጣራ ማን ይወጣለታል?

ይህን የምለው ቅሬን ለማሞገስ አይደለም። ከቅሬ የተባረረች መበለት ያለች እንደሆነ ይግባኟን ለማን ትላለች? ያዋጣችውን የዓመታት መዋጮ ከማን ታስመልሳለች? ፍርድ ቤት ብትሄድ ያው ሽማግሌ ራፖር ጸሐፊ «ተከሳሽ ማን ልበል?» ይላታል። ወረቀት አልባነት ደካማውን ከውጭ ሲጠብቀው፣ ከውስጥ ያለውን ደግሞ ይበላዋል።

የጤፏ ባለቤት ግን ቅሬ አትሄድም፤ ጎበዞቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፣ የአንድ ቅሬ ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀና እንዲህ አላት፦

«ስሚኝ እትዬ። ሰብሳቢውን ክሰሺ፣ ገንዘቡን የተቀበለ እሱ ነው። ገመዱን ጥለው ሲሄዱ ሹፌሩ ያያቸውንም ሁለቱን ጨምሪ። ሦስት ተከሳሽ በቂ ነው።»

«ሳጥኑስ? ገንዘቤ እኮ እዚያ ነው የገባው።»

«ሳጥኑ የ36 ሰው ነው። ማኅበሩ ሰው ስላልሆነ የጋራ ንብረት ነው የሚባለው። የሦስቱን ድርሻ ነው የምታገኚው።»

«ሳጥኑ ውስጥ 18 ሺህ ብር አለ ይላሉ።»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ይዞ ጠርዙ በተቀደደ ወረቀት ላይ አካፈለ። 18 ሺህ ለ36፣ ለእያንዳንዱ 500። ሦስቱ 1500።

«የቀረውስ?»

«የቀረውን ከቤታቸው። አልጋቸውና ድስታቸው አይነካም፣ የሥራ መሣሪያቸውም አይነካም፤ ሕግ ይከለክላል። ፍየል ካላቸው ይሸጣል።»

«የዚያ የትንሹ ልጅ እናት ፍየል አላት» አለች ሴትዮዋ፤ ልጁን ታውቀዋለች፣ ጤፉን ሲሸከም ውሃ የሰጠችው እሷ ናት።

«የእናቱ ከሆነ አይሸጥም። ልጽፍ ወይስ ልተወው?»

«የዳኝነቱ ክፍያ ስንት ነው?» አለች።